የጎደለ ሆርሞን በጨው ውሃ አይሞላም

ሰሞኑን ፌሬት የሚባለውን፣ ቤት ውስጥ የሚያድግ ቀጭን ሥጋ በል ትንሽ እንስሳ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የሚያወራው በፌሬት ላይ ስለሚደርስ የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን እጥረት ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ አይሰለችም። ምክሩ ግን እንስሳ ይገድላል። ይህን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ወረድ ብዬ ለምን እንደሆነ አሳያለሁ።

ላላነበባችሁት የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ፌሬት ፀጉሩ ከረገፈ ሆርሞን አንሶታል ይላል። ሁለቱም አድሬናል ዕጢዎች በቀዶ ጥገና የወጡለት ፌሬት ጥቂት ሳምንት መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሰውነቱ ይለምደዋል ይላል። ከዚያ ወዲያ ጨው ጣል የተደረገበት ውሃና ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ይበቃዋል። ስቴሮይድ (ኮርቲሶል የሚባለውን የአድሬናል ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት) መርዝ ስለሆነ በተቻለ ፍጥነት ይቁም። የደም ምርመራ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፤ እንስሳውን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ድንገት ከወደቀ ማር ማላስ ነው። መድኃኒት የግድ ከሆነም የሰው ክኒን ሰባብሮ መስጠት ይቻላል።

በተራ ልሂድባቸው። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ግን መቆየቴ አይቀርም።

ፀጉር መርገፍ የእጥረት ምልክት ነው ስለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው በሽታውን ገልብጠውታል።

አድሬናል ዕጢዎች ሁለት ናቸው፤ በየኩላሊቱ አጠገብ አንድ አንድ። በጣም ትንንሽ ናቸው። ጤነኛ ፌሬት ላይ ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የዕጢው ቅርፊት ሦስት ንብርብር አለው። የላይኛው አልዶስቴሮን ያመነጫል፤ እሱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ጨውና ውሃ ይቆጣጠራል። የመካከለኛው ኮርቲሶል ያመነጫል፤ እሱ ደግሞ የደም ስኳር እንዳይወርድ፣ የደም ግፊት እንዳይላላ፣ እንስሳው ሕመምና ድንጋጤ እንዲችል ያግዛል። የውስጠኛው የፆታ ሆርሞኖችን ይሠራል።

ፀጉሩ ከጅራቱ ጀምሮ ግራና ቀኙ እኩል እየሳሳ የሚሄድ፣ ቆዳው የሚያሳክከው ፌሬት ሆርሞን አላነሰውም። በዝቶበታል። የተመከነች ሴት ብልቷ ሲያብጥ፣ የተኮላሸ ወንድ የጓደኞቹን ማጅራት ነክሶ መጎተት ሲጀምርም እንደዚሁ ነው። የበዛው የፆታ ሆርሞን ነው። ውሻ ላይ ከሚታየው የኮርቲሶል መብዛት ጋር እንኳ አንድ አይደለም፤ እነዚህ ፌሬቶች ኮርቲሶላቸው ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመራቢያ ዕጢዎቹ ሲወጡ አንጎልን «በቃህ» የሚለው ሆርሞን አብሮ ይጠፋል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤች የተባለውን ቀስቃሽ ሆርሞን መላኳን አታቆምም። ተቀባይ ሆነው የቀሩት ደግሞ አድሬናሎቹ ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ያብጣሉ፤ አንዳንዴም ካንሰር ያበቅላሉ። በሽታው ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት ባለፈና በተመከኑ ወይም በተኮላሹ ፌሬቶች ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ዴስሎሬሊን የሚባል ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒት አለ፤ 4.7 ሚሊ ግራሙ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይሠራል። ሊውፕሮላይድ የሚባል መርፌም አለ። ቀዶ ጥገናም አለ። ሦስቱም የዚህ በሽታ መድኃኒቶች ናቸው፤ የእጥረት መድኃኒቶች አይደሉም።

ጽሑፉን አምኖ ፀጉሩ የረገፈ ወንድ ፌሬቱን በሊኮሪስ የሚያክም ሰው የሚያጣው ጊዜ ነው። የፆታ ሆርሞን ሲበዛ ወንዱ ላይ ፕሮስቴቱ ያብጥና የሽንቱን መውጫ ያንቃል። ሽንት ቤቱ ላይ ተቀምጦ እያማጠ ጠብ የማይልለት ፌሬት ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም። የዛኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

እውነተኛው እጥረት ሌላ ነው። ፌሬት ላይ በራሱ ጊዜ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሕክምና በኋላ ነው፦ ሁለቱም ዕጢዎች ሲወጡ፣ ማይቶቴን የተባለው ዕጢውን የሚያጠፋ መድኃኒት ሲሰጥ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ። ምልክቱም ፀጉር ላይ አይታይም። እንስሳው ይደክመዋል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል፣ ምግብ ያሸትና ዘወር ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል። ደግሞ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ሙት ይሆናል። ሰው የሚዘናጋው በዚህኛው ነው።

ሰውነቱ ይለምደዋል ስለሚለው

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁለቱም ዕጢዎቹ በቀዶ ጥገና ከተነኩ በኋላ ያለ ምንም መድኃኒት ዓመት የኖሩ ፌሬቶች አሉ። ጸሐፊው እንዲህ ዓይነቱን አይተው ይሆናል። ግን እነዚያ እንስሳት አለ ሆርሞን መኖርን አልለመዱም። ሆርሞን የሚሠራ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ቀርቷል።

የቀኙ ዕጢ የተለጠፈው ከትልቁ ደም መላሽ ሥር ጋር ነው። ከልብ በስተኋላ ያለው የሰውነት ክፍል ደም በዚያ ነው የሚመለሰው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ሙልጭ አድርጎ አወጣለሁ ቢል ሥሩን ሊበጥስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ይተዋል። ያቺ ቁራጭ ትበቃ ይሆናል። አንዳንዱ ፌሬት ደግሞ ከዋናው ዕጢ ውጪ የበቀለ ተጨማሪ የአድሬናል ሥጋ ይኖረዋል። ሁለቱም ነገር ከውጭ አይታይም። የእናንተ ፌሬት ከየትኛው ወገን እንደሆነ በማየት ልታውቁ አትችሉም።

የሚያሳውቀው ምርመራ ነው። ኤሲቲኤች የተባለ ዕጢውን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ይወጋል፤ ከመወጋቱ በፊትና በኋላ ኮርቲሶል ይለካል። ዕጢ ካለ ቁጥሩ ይወጣል። ከሌለ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ፌሬት ሲመረመር ላቦራቶሪው መድኃኒቱን እንደ ኮርቲሶል ሊቆጥረው ይችላል። ዴክሳሜታዞን የተባለው ሌላው ስቴሮይድ ይህን ችግር አያመጣም። ስለዚህ ከምርመራው በፊት እንስሳው ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ለሐኪሙ መንገር የእናንተ ሥራ ነው። በራሳችሁ ግን መድኃኒቱን አታቋርጡ።

አንድ ዕጢ ብቻ የወጣለት ፌሬት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። የቀረው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። ውሻ ላይ የታመመው ዕጢ ኮርቲሶል ስለሚያበዛ ጤነኛው ይተኛል፤ ፌሬት ላይ ግን የበዛው የፆታ ሆርሞን ስለሆነ ጤነኛው እንደነቃ ነው። አንዳንዱ ሐኪም ለጥቂት ቀን ስቴሮይድ ይሰጣል፤ አንዳንዱ አይሰጥም። ይህን ቡድን አይቶ «ፌሬት ይለምደዋል» ማለት፣ አንድ ኩላሊት የለገሰ ሰው ጤነኛ ሆኖ ስለኖረ ሁለቱንም ቢያወጡለት ይኖራል እንደማለት ነው።

ለምዷል የሚያሰኘው ሌላም ነገር አለ። ትንሽ ቁራጭ የቀረችለት ፌሬት ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ሳምንታት ሊጫወት ይችላል። ሕመም ሲገጥመው፣ ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ሙቀት ሲበረታበት ወይም ማደንዘዣ ሲሰጠው ግን ሰውነቱ ተጨማሪ ኮርቲሶል ይጠይቃል። ጤነኛ ዕጢ ሲጠየቅ ይሰጣል። ቁራጯ የምትሰጠው የላትም። ፌሬቱ የሚወድቀው ያን ቀን ነው። በምትክ ሆርሞን የሚኖር እንስሳ እንዲህ ዓይነት ቀን ከመምጣቱ በፊት የፕሬድኒሶሎን መጠኑ እንዲጨመርለት ሐኪሞች ያዛሉ፤ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይደረግና ነገሩ ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለእኔ ከተሳሳተው ይልቅ ይሄ የዘለለው ይብሳል።

የጨው ውሃና ሊኮሪስ

እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው። ምክሩ ግማሽ እውነት አለበት፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ይይዛል።

አልዶስቴሮን የሚሠራው ኩላሊት ላይ ነው። ሶዲየምን፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ወደ ደም ይመልሳል፤ ፖታሲየምን ወደ ሽንት ይገፋል። እሱ ሲጠፋ ሁለት ነገር አብሮ ይበላሻል። ሶዲየም በሽንት ይፈስሳል፤ ውሃም ተከትሎት ይወጣል። ደም ያንሳል፣ ግፊት ይወርዳል። በሌላ በኩል ፖታሲየም መውጫ አጥቶ ደም ውስጥ ይከማቻል። ፖታሲየም ሲበዛ ልብን ያዘገያል። የፌሬት ልብ ጤነኛ ሲሆን በደቂቃ 200 ጊዜ አካባቢና ከዚያም በላይ ይመታል። የወደቀ እንስሳ፣ ፈርቶና ደክሞ፣ ልቡ መፍጠን ሲገባው ቀስ ብሎ ሲመታ ሐኪም ወዲያው ፖታሲየምን ይጠረጥራል። ልብ የሚቆመውም በዚሁ ነው።

አሁን ጨው ጨምሩ። ሶዲየሙን ትንሽ ትደግፋላችሁ። ኩላሊቱ ግን የሚይዝበት ስለሌለው መልሶ ያፈስሰዋል። ፖታሲየሙንስ? ልብ የሚያቆመው እሱ ነበር፤ ጨው ደግሞ የአልዶስቴሮንን ቦታ ይዞ አይገፋውም። ኮርቲሶልን ደግሞ ጭራሽ አይተካም።

ይህ በሰው ላይ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። የአድሬናል እጥረትን መጀመሪያ በዝርዝር የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1855። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሆርሞኖቹ ገና በእጅ ባልነበሩበት በ1930ዎቹ ሐኪሞች ለእነዚህ በሽተኞች ብዙ ጨው ይሰጡ ነበር። ዕድሜያቸውን ያራዝም ነበር፤ አያድናቸውም ነበር። ነገሩ የተለወጠው የዕጢው ሆርሞኖች ራሳቸው ተለይተው መሠራት ሲጀምሩ ነው። ኬንዳል፣ ራይክስታይንና ሄንች በ1950 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በእነዚሁ ሆርሞኖች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ጽሑፉ ፌሬቶቻችንን ወደ 1930ዎቹ ይመልሳቸዋል።

ደግሞ የውሃ መጠጫው ላይ ጨው መጨመር ሌላ ጣጣ አለው። ፌሬቱ ጣዕሙን ካልወደደው አይጠጣም። ውሃ በሽንት እየፈሰሰበት ያለን እንስሳ መጠጡን ማስጠላት ምን ይባላል?

ሊኮሪስ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ሰምተዋል፤ እስከ መጨረሻው ግን አልሰሙትም። ሥሩ ውስጥ ግሊሲራይዚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ኩላሊት ውስጥ ኮርቲሶልን የሚያከሽፍ ኤንዛይም አለ፤ ግሊሲራይዚን ይህን ኤንዛይም ያግደዋል። ሳይከሽፍ የቀረው ኮርቲሶል ኩላሊት ላይ የአልዶስቴሮንን ሥራ መሥራት ይጀምራል። ሊኮሪስ አብዝተው የሚበሉ ሰዎች የደም ግፊታቸው የሚጨምረውና ፖታሲየማቸው የሚወርደው በዚህ ነው። እስከዚህ ልክ ነው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ኮርቲሶል ካለ ነው። ሁለቱም ዕጢዎች የወጡለት ፌሬት ኮርቲሶል የለውም። ሊኮሪሱ የሚያቆየው ነገር የለም። ፕሬድኒሶሎን እየወሰደ ከሆነ ደግሞ ሊኮሪሱ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ የሚሠራበትን ልክ ሊያዛባ ይችላል፤ በምን ያህል እንደሚያዛባ አስቀድሞ የሚናገር የለም። ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ጥቅም የለውም፣ ወይ ልኩ አይታወቅም።

አልዶስቴሮንን የሚተኩ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ፍሉድሮኮርቲሶን ነው፤ በየቀኑ በአፍ ይሰጣል። ሁለተኛው ዲኦክሲኮርቲኮስቴሮን ፒቫሌት የሚባለው መርፌ ነው፤ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ገደማ ይወጋል። ለፌሬት መርፌው ይሻላል ባይ ነኝ። በየቀኑ ከመታገል ያድናል። ጉዳቱ ቀኑ መረሳቱ ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚህ የሚሊ ግራም መጠን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። መጠኑ የሚስተካከለው በየእንስሳው ሶዲየምና ፖታሲየም ነው፤ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም።

ስቴሮይድ መርዝ ነው ስለሚለው

ጸሐፊው ስቴሮይድን የሚፈሩበት ምክንያት አለ፤ አልክድም። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ጡንቻ ያቀልጣል፣ ሆድ ያንጠለጥላል፣ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ፌሬት ደግሞ ጨጓራው ቶሎ ይቆስላል፤ ሄሊኮባክተር ሙስቴሌ የምትባል ባክቴሪያ ብዙዎቹ ጨጓራ ውስጥ ትኖራለች። ስቴሮይድ የሚወስድ ፌሬት ጥርሱን ካፋጨ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ለሐኪም ሊነገር ይገባል። ሜሎክሲካምን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ከስቴሮይድ ጋር አብረው እንዳይሰጡም ተጠንቀቁ።

ግን ብግነት ለማብረድ የሚሰጥ መጠንና የጎደለውን ለመተካት የሚሰጥ መጠን አንድ አይደሉም። ምትኩ በጣም ትንሽ ነው። ዕጢው ጤነኛ ቢሆን ራሱ በየቀኑ ይሠራው የነበረውን ያህል ነው። ይህን መርዝ ማለት የራሱን ኮርቲሶል መርዝ ማለት ነው።

«በተቻለ ፍጥነት ይቁም» የሚለው ደግሞ ራሱ እጥረት ይፈጥራል። ብዙ ፌሬቶች ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱት ለአድሬናል ሳይሆን ለኢንሱሊኖማ ነው። ይህ ቆሽት ላይ የሚወጣ ዕባጭ ነው፤ ኢንሱሊን እያበዛ የደም ስኳር ያወርዳል። ፕሬድኒሶሎን ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ግን ለወራት ከውጭ ሲገባ አንጎል ኤሲቲኤች መላኩን ይቀንሳል። ጠያቂ ያጣው አድሬናል ይተኛል። ዛሬ መድኃኒቱ በድንገት ቢቆም ነገ ዕጢው አይነቃም። ስኳሩም ይወርዳል፣ ኮርቲሶልም አይኖርም። ሁለቱም ዕጢዎቹ ሆዱ ውስጥ ያሉ ፌሬት እንዲህ ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። ረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ የሚቆመው በሐኪም እጅ፣ ቀስ እየተቀነሰ ነው። ዕጢ ለሌለው ደግሞ አይቆምም፤ ዕድሜ ልክ ነው።

ለሐቁ ያህል ተቃራኒውን ስህተትም ልንካ። ፕሬድኒሶሎን ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። ሶዲየምና ፖታሲየማቸው ላልተዛባ ይበቃ ይሆናል። ለተዛባ ግን አይበቃም። ፕሬድኒሶሎን የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚሠራው በጥቂቱ ነው፤ ዴክሳሜታዞን ደግሞ ጭራሽ አይሠራውም።

የደም ምርመራ

ቶሎ ልለፈው። ሶዲየምና ፖታሲየም በዓይን አይታዩም። ፌሬቱ እየተጫወተ ፖታሲየሙ እየወጣ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ደም ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ ለአንድ ኪሎ እንስሳ ከባድ አይደለም። በውሻ ላይ ሶዲየሙ ለፖታሲየሙ ተካፍሎ ከ27 በታች ከወረደ ሐኪም እጥረቱን ይጠረጥራል። ፌሬት ላይም የሚፈለገው ያው ሥዕል ነው፦ የወረደ ሶዲየም፣ የወጣ ፖታሲየም። መድኃኒት ሲጀመር ምርመራው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሲረጋጋ በየጥቂት ወሩ ይሆናል።

ገንዘቡ ከባድ የሆነበት ሰው ለሐኪሙ በግልጽ ይንገረው። ትልቁን ዝርዝር ትቶ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ስኳር ብቻ ማየት ይቻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ የምግብ መመዘኛ ሚዛን ላይ በየሳምንቱ መዝኑት፤ በግራም። ፌሬት በየወቅቱ ክብደቱ ይዋዥቃል፣ ግን ምግቡን እየተወ የሚቀንስ ከሆነ ሳትጠብቁ ደውሉ።

ሲወድቅ ማር ማላስ

ይህ ምክር የተወሰደው ከኢንሱሊኖማ ነው። እዚያ ቦታ አለው። ስኳሩ የወረደ ፌሬት ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ምራቁን ያዝረበርባል፣ አፉን በእጁ ይቧጥጣል። ድዱ ላይ ትንሽ ማር ሲቀባ ይነቃል። ከዚያ ወዲያው ሥጋ ነክ ምግብ መብላት አለበት፤ ማሩን ካበዛችሁበት ዕባጩ ተጨማሪ ኢንሱሊን ይለቅና ስኳሩ መልሶ ይወርዳል።

ዕጢ የሌለው ፌሬት ሲወድቅም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ኮርቲሶል ከሌለ ይወርዳል። ስለዚህ ማሩ ትንሽ ቀና ያደርገዋል። አደጋው እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ «ተመስገን፣ ተነሳ» ይልና ይተኛል። ደሙ ግን እንዳነሰ ነው፣ ፖታሲየሙም እንደወጣ ነው። ይህን የሚያስተካክለው በደም ሥር የሚሰጥ ሳላይን፣ በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድና የልብ ክትትል ነው። ማሩን ቀብታችሁ መንገድ ጀምሩ። ክሊኒኩ እስኪደርስ ሙቅ አድርጉት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ራሱን የሳተ ፌሬት አፍ ውስጥ ፈሳሽ አታፍስሱ፤ ሳንባው ይገባል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን ጥርሶቹ መሃል አታስገቡ፤ ይነክሳል፣ መንከሱንም አያውቅም።

ሌላው መደናገጥ ደግሞ ከእንቅልፍ የሚመጣ ነው። ፌሬት ሲተኛ ሙት ነው። አንስታችሁ ብታወዛውዙት ራሱ እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ጤነኛው ግን ሰውነቱ ይሞቃል፣ ድዱ ሮዝ ነው፣ የሚወደውን ምግብ አፍንጫው ሥር ስታስጠጉለት መጀመሪያ አፍንጫው ይነቃል፣ ከዚያ እሱ። የቀዘቀዘ፣ ድዱ የነጣ፣ ለሽታ ግድ የሌለው ከሆነ እንቅልፍ አይደለም።

የሰው ክኒን መሰባበር

በመጨረሻ ስለ ክኒኑ። የሰው ፕሬድኒሶሎን በብዛት 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ፍሉድሮኮርቲሶን 0.1 ሚሊ ግራም። ሴት ፌሬት ከአንድ ኪሎ በታች ልትመዝን ትችላለች። ክኒን ግማሽ ማድረግ ይቻላል፤ ሩብም በመከራ። ከዚያ በታች ሲወርድ ቢላዋው ሥር የሚቀረው ዱቄት ነው፤ ዛሬ የሰጣችሁትና ነገ የምትሰጡት አይገናኝም። ምትክ ሆርሞን ላይ ደግሞ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነው። የሚሻለው ፋርማሲ ሐኪሙ ባዘዘው ጥንካሬ የሚያዘጋጀው ፈሳሽ ነው። አልኮል እንደሌለው ጠይቁ። ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫም እንዳይኖርበት፤ ስኳር ይጥላል ተብሎ ይፈራል።

ፕሬድኒሶሎን ይመራል። ፌሬቱ አንዴ ከቀመሰው ሲሪንጁን ሲያይ አልጋው ውስጥ ይገባል። ማጅራቱ ላይ ያለውን ቆዳ ጨብጣችሁ ቀስ ብላችሁ ስታነሱት ግን ይዝላል፣ ትንሽ ቆይቶም አፉን ከፍቶ ያዛጋል። ያኔ ሲሪንጁን በአፉ ጎን፣ ከረጅሙ ጥርሱ ኋላ አስገቡና ጠብ ጠብ አድርጉ። በአንዴ አትግፉት። እንደዋጠ ትንሽ የሥጋ ለስላሳ ምግብ አስከትሉ፤ ምሬቱንም ይሽራል፣ ጨጓራውንም ይደግፋል። ወዲያው ካስመለሰው በራሳችሁ አትድገሙ፤ ደውሉና ጠይቁ። በተለይ ማስመለሱ ከቀጠለ የዛሬው መድኃኒት አልገባም ማለት ነው፤ በመርፌ መሰጠት ሊኖርበት ይችላል።

ጠርሙሱን ደግሞ ሁልጊዜ ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ አናውጡት። ከእነዚህ ፈሳሾች ብዙዎቹ መድኃኒቱ የሟሟባቸው ሳይሆን የተንሳፈፈባቸው ናቸው። ሳይናወጥ ከተቀዳ ፌሬቱ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ውሃ ይጠጣል፤ የጠርሙሱ ወለል ሲደርስ ደግሞ ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል።